ባለ ሦስት እግሩ ምትኬ

የመብራት ማቆሚያ ልገዛ ሄጄ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ። ማቆሚያ ስል የመንገድ ምሰሶ አይደለም። ፎቶ አንሺዎች ፍላሹን ከካሜራው ላይ ያወርዱትና ራቅ፣ ከፍ አድርገው የሚሰቅሉበት ባለ ሦስት እግር ዘንግ አለ። እሱን ነው የምላችሁ። ስለ ዘንግ ምን ይወራል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ግን፣ እንዴት ልበለው፣ እኔ ራሴ ማቆሚያ ነበርኩ።

እውነቴን ነው። ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ቀን ቀን ፋብሪካ ይሠራል፤ ሠርግና በዓል ሲሆን ደግሞ የምንኖርባትን የእስራኤል ከተማ፣ የአፉላን ሰው ፎቶ ያነሳል። ማቆሚያ አልነበረውም። እኔ ነበርኩለታ! የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ፍላሹን በፕላስተር ጠፍሮ ያስይዘኛል። «ከፍ! ትንሽ ወደ ግራ! አሁን አትተንፍስ!» እኔም አልተነፍስም። ሰው እስክስታ ይወርዳል፣ እኔ ቆሜአለሁ። ሰው ይበላል፣ እኔ ቆሜአለሁ። አንድ ጊዜ የሙሽራው ዘመድ ኮቱን አውልቆ የሚሰቅልበት ሲፈልግ ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ አይቼዋለሁ። እናቴ ደግሞ ከሴቶቹ ጠረጴዛ ሆና ትጮሃለች፦ «አንተ፣ እጅህ አይደክምህም?» «ደከመኝ እንጂ!» እላለሁ፣ ይርጋ እንዲሰማ። ይሰማል። «ከፍ!» ይለኛል።

ይርጋ ስለ ብርሃን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፣ ምኩራብ እንደገባ ሰው። «ፍላሹ ፊት ለፊት ሲመታን ግንባራችን እንደ ብረት ድስት ያብለጨልጫል፤ የቀረው ፊታችን ይጠፋል» ይላል። «ከጎን፣ ከላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተጣርቶ ሲመጣ ግን የሰው ፊት አገር ይሆናል። ተራራው ተራራ፣ ሸለቆው ሸለቆ።» እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ስለ ብርሃን የተማርነው ፍጥነቱን ብቻ ነው። አገር እንደሚሠራ የነገረን የለም።

ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት መጀመሪያ የሚያነሳው እኔን ነው። ብርሃኑን ለመሞከር። እጄን ሰቅዬ፣ አፌን ከፍቼ እንደቆምኩ ቀጭ ያደርገኛል። ከዚያ ያየዋል፣ ይስቃል፣ ያጠፋዋል። «እንጨት ፎቶ ምን ያደርግለታል?»

አምና ይርጋ ታመመ። ብዙም አልቆየም። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፤ አልችልበትም።

ካሜራው ለእኔ ቀረ። ከካሜራው ጋር አንድ ቃልም ቀረ። የአክስታችን ልጅ ሺራ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ይርጋ ቃል ገብቶላት ነበር፤ የሠርጓ ቀን እሷንና በአባቷ በኩል ያሉትን አያቷን አንድ ላይ ሊያነሳቸው። አያቷ የእኛ የቤተ እስራኤል ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸውን የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሚጠይቅም ደፋር የለም። ካሜራ አይወዱም። ይርጋን ግን ይወዱት ነበርና «ለአንተ አንድ ጊዜ እቆማለሁ» ብለውታል። አንድ ጊዜ።

ሺራ ሠርጓ ሲቃረብ ቤታችን መጣች። አማርኛዋ በዕብራይስጥ የተለወሰ ነው። «ስሊኻ፣ እንዳትቀየመኝ» አለች፣ ይቅርታ ማለቷ ነው። «ሌላ ፎቶ አንሺ ልያዝ ወይስ...?»

«እኔ አነሳለሁ» አለ አፌ። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

«ብርሃኑን ማን ይይዝልሃል ታዲያ?»

አያችሁ? አንድ ሰው ሁለት ቦታ መቆም አይችልም። ካሜራው ጋ ከቆምኩ እንጨቱ ጋ የለሁም። የአጎት ልጅ ሞልቷል፤ አንዱን «ያዝልኝ» ማለት እችል ነበር። ግን፣ እንጃ፣ ያንን ቦታ ለሌላ ሰው መስጠት አልፈለግኩም። ብረት ሲሆን አያስቀናም። «ማቆሚያ እገዛለሁ» አልኳት።

ወደ መሀል ከተማ ወደ ፎቶ ዕቃ ሱቅ ስሄድ እናቴ ተከተለችኝ። ብቻዬን የገዛሁት ነገር ሁሉ እንደሚሰበር ስለምታምን ነው። ሻጩ ከሩሲያ የመጣ ጺማም ሰው ነው። ማቆሚያ እፈልጋለሁ ስለው ወደ ጓዳ ይዞን ገባ። እኔ አንድ ዕቃ ልገዛ ነው የመጣሁት። እሱ ጫካ አሳየኝ። ወፍራም፣ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ብርማ፣ ጎማ ያለው፣ ክንድ ያለው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ እኔ ብቻ የምሠራ መስሎኝ! ለካ በዓለም ላይ ይሄ ሁሉ ዘመድ አለኝ።

«ምን ያህል ይሸከም? ታጥፎ ምን ያህል ይሁን? ባለ አየር ነው ያለ አየር?» አለ በዕብራይስጥ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ገደለችኝ። ሻጩ አንዱን ዘንግ ዘረጋና ማጥበቂያ ጉጡን ፈታው። ዘንጉ ዷ ብሎ ወረደ። «ያለ አየር» አለ። ሌላውን ዘረጋ፣ ፈታ። ይሄኛው አልወደቀም። ፊስስስ እያለ፣ በዝግታ፣ በክብር ወረደ። ውስጡ አየር ታሽጎ ነው። አየር ብረት ተሸክሞ ሲያወርድ በዓይኔ አየሁ። እንደገና ከፍ አድርጎ ሲያወርደው አፌን ከፍቼ አየሁ። በሦስተኛው ሻጩ ሰለቸው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ባየው አልጠግብም ነበር።

«የመጀመሪያው ሶፋ ላይ እንደሚዘረፈጥ ጎረምሳ ነው» አለች እናቴ። «ሁለተኛው እንደ ሽማግሌ ነው የሚቀመጠው። ሽማግሌውን ውሰድ።»

ከዚያ ምርመራዋን ጀመረች። በአገራችን ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እግር እግሩን ነው የሚያየው። እናቴም ጎንበስ ብላ የማቆሚያውን ጉልበት ተጫነችው፣ ወዘወዘችው፣ ዞራ ከኋላው አየችው። ጥርስ ቢኖረው አፉን ትከፍተው ነበር።

«ይሄ እግሩ ሰልሏል።»

«ምን አለች?» አለ ሻጩ።

«እግሩን አልወደደችውም።»

«ይሄ ደግሞ ከባድ ነው፤ ልጄ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው። ዕቃ ሰውን ያግዛል እንጂ አይገድልም።»

«እማዬ፣ ፍላሽ ብቻ ነው እኮ የሚይዘው።»

«ያንተን ሥራ አይደል የሚሠራው? አንተን እዚህ ለማድረስ ስንት እንጀራ አልቋል!»

ሻጩ በመጨረሻ አንድ አጭር ነገር አወጣ፤ ታጥፎ ከክንዴ አይረዝምም። እግሮቹ ወደ ላይ ተገልብጠው ዘንጉን አቅፈውታል፣ እንደሚያፍር ልጅ። አንድ ጊዜ ሲዘረጋው እግሮቹ ወረዱ፣ ዘንጉ ከዘንግ ውስጥ፣ ያም ከሌላ ዘንግ ውስጥ ወጣ፣ ጣሪያው ጋ ደረሰ። ባለ አየርም ነው። እናቴ እንኳ «ኧረ!» አለች።

«ቁመቱ ምን ያህል ይሁንልህ?» አለ ሻጩ።

በሜትር አላውቀውም ነበር። «ይሄን ያህል» አልኩና እጄን አነሳሁ፣ እንጨቱን እንደያዝኩ አድርጌ። ለካ ትንፋሼንም ይዤ ኖሯል። ሻጩ ዘንጉን ከጎኔ አቁሞ ከፍ፣ ከፍ አደረገው። ከእጄ ጋር እኩል ሲሆን አቆመ። ሁለታችን ጎን ለጎን ቆምን፣ እኔና ብረቱ።

እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ብረቱን አየች።

«ልክ ነው» አለች በቀስታ። «ይሄ ነው ቁመቱ።» ዞራም የተሰቀሉ የፎቶ ክፈፎችን ማየት ጀመረች፤ ባዶ ናቸው፣ የሚታይ የላቸውም። ከዚያ በኋላ ዋጋ አልተከራከረችም። እናቴ ዋጋ ያልተከራከረችበት ቀን ስታዩ አንድ ነገር እንዳለ እወቁ።

ሻጩ ብርሃኑን የሚያጣራ ትልቅ ነጭ ጃንጥላም ጨመረልኝ፤ ፍላሹ በጃንጥላው ውስጥ ነው የሚተኮሰው። በር ላይ ስንደርስ ጠራኝ። «ስማ፣ ጃንጥላ ማለት ሸራ ነው። ነፋስ ካገኘው መርከብ ሆኖ ይሄዳል። ከሥሩ የአሸዋ ከረጢት ስቀልበት።»

ማቆሚያው ሳሎናችን ውስጥ ቆሞ ሰነበተ። አንድ ማለዳ እንቅልፌን ሳልጨርስ ስወጣ እንግዳ መስሎኝ «እንደምን አደርክ» አልኩት። እናቴ ከወጥ ቤት ሰምታ «ይሄኛው እንኳ አያጉረመርምም» አለች።

የቸገረኝ አሸዋው ነው። አፉላ ባሕር የላትም፣ አሸዋም የላትም። አፉላ ያላት የተቆላ የሱፍ ፍሬ ነው። ወታደሩ በባቡር ጣቢያ ይቆረጥመዋል፣ ሽማግሌው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቆረጥመዋል፤ የከተማችን አስፋልት ሲታይ ግማሹ ልጣጭ ነው። የሠርጉ ቀን ጠዋት እናቴ አንድ ከረጢት ሙሉ የሱፍ ፍሬ አንስታ ሰጠችኝ። «ይሄም ይከብዳል። ለሠርጉም ይሆናል» አለች። የመጀመሪያውን ሰማሁ። ሁለተኛውን አላስተዋልኩትም።

ብቻዬን ቀድሜ ወጣሁ። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ጥሪው ላይ የተጻፈው ሰዓት ለእኛ ከቤት ስለ መውጣት ማሰብ የሚጀመርበት ሰዓት ነው። ፎቶ አንሺ ግን ቀድሞ መገኘት አለበት። ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ ከፊቴ አንድ ወታደር ጠመንጃውን አንግቦ እያዛጋ ገባ። ዘበኛው እኔን አስቆመኝ።

«በቦርሳው ውስጥ ምንድን ነው?»

«ምትኬ ነው» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«ምን?»

አወጣሁና ላሳየው ስል ጉጡ ተፈታ መሰለኝ፣ እግሮቹ ተፈናጠሩ፣ ሰው ወደ ኋላ አለ። ዘበኛው ዘንጉን ሳብ ቢያደርገው ዘንግ ከዘንግ እየወጣ ረዘመ፣ ረዘመ። ቀስ ብሎ ለቀቀው። ፊስስስ እያለ ወረደ። ዘበኛው አየኝ። እንደገና ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ፊስስስ።

«አየር ነው» አልኩት በኩራት፣ እኔ እንደ ፈጠርኩት።

«ዋው» አለ። ጓደኛውን ጠርቶ ካሳየው በኋላ ለቀቀኝ። አውቶቡሱ ግን አልጠበቀኝም። የሚቀጥለውን ይዤ ደረስኩ።

ሠርጉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሸለቆው እርሻ ዳር ባለ የአትክልት ግቢ ውስጥ ነው። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ተነስቶ ሸለቆውን ይዞ ይመጣል፤ ያን ቀን ገና እያሰበ ነበር። እኔ ስደርስ ሽማግሌዎቹ፣ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከእኔ ቀድመው ጠረጴዛቸውን ይዘዋል። ሠላምታ ሰጥቼ ከአጠገባቸው ማቆሚያውን ዘረጋሁ፣ ፍላሹን ሰቀልኩ፣ የሱፍ ፍሬውን ከረጢት ከሥሩ አንጠለጠልኩ። ነጩን ጃንጥላ ከፈትኩና ሁሉንም ወደ ላይ ከፍ አደረግኩ።

ሽማግሌዎቹ ተነሱ።

መጀመሪያ ጋሽ ፈረደ የሚባሉ ረጅም ሰው፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው በሙሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሴቶቹ ከወዲያ ማዶ እልል አሉ። አንዱ ወደ በሩ ሮጠ።

እኔ ምን መሰለኝ? አሁን ስነግራችሁ ፊቴ ይቃጠላል። ይርጋን አስበው የተነሱ መሰለኝ። «ወንድሙ ቦታውን ያዘ» ብለው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁ። «ኧረ በእግዜር ተቀመጡ» አልኩ።

ጋሽ ፈረደ አንገታቸውን አስግገው በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ኋላዬ አዩ። «ቄሱ የታሉ?»

«ገና አልመጡም ጋሼ።»

«ታዲያ ጥላው ለማን ተዘረጋ?»

ያኔ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ጥላ ከሰው ራስ በላይ ከተዘረጋ ከሥሩ ቄስ አለ። በበዓል ቀን ከሩቅ የምናየው ጥላውን ነው፤ ጥላው ሲመጣ ሰው ይነሳል። እነዚህ ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲነሱ የኖሩለትን ነገር እኔ በሱቅ ዕቃ ከፍ አድርጌባቸዋለሁ።

«ለ... ለፍላሹ ነው» አልኩ።

«ለማን?»

«ለመብራቱ።»

«ዘርፍ እንኳ የለውም» አለ አንዱ። ጋሽ ፈረደ ማቆሚያውን ዞረው አዩት፣ ልክ እንደ እናቴ። «ያዡስ የት ሄደ?»

«ራሱን ችሎ ይቆማል ጋሼ።»

«ጥላ ራሱን ችሎ ሲቆም የት አይተሃል? ጥላ ሰው ነው የሚይዘው።» ቅር እያላቸው ተቀመጡ። ሆኖም ጥላ ጥላ ነውና ወንበራቸውን ወደ ሥሩ አስጠጉ።

እኔ እንግዶች ላነሳ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ከኋላዬ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አፉላ ውስጥ ይሄን ድምፅ የሚያስተውል ሰው የለም፤ ወፍ እንደ ጮኸ ነው። ለካ ሽማግሌዎቹ የጃንጥላውን መልሕቅ እየበሉ ነው።

ቄሱ መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ሺራ ክንዳቸውን ይዛ ወደ እኔ ስታመጣቸው ሰው ሁሉ ዳር ያዘ። ፀሐይዋ እርሻው ላይ ዘንበል ብላለች።

«የይርጋ ወንድም አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«አንድ ጊዜ እቆማለሁ ብዬው ነበር። ይኸው ቆምኩ።»

ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳነሳ ነፋሱ ሐሳቡን ጨርሶ መጣ። ባዶው ከረጢት ሲውለበለብ አየሁት። ማቆሚያው መጀመሪያ አንድ እግሩን አነሳ፣ ሊጨፍር እንዳሰበ። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሻጩ እንዳለው መርከብ ሆኖ ተነሳና ሜዳውን አቋርጦ ወደ እርሻው ሄደ። ተከትዬ ሮጥኩ። ግን ከእኔ የቀደሙ አሉ። ጋሽ ፈረደ ጋቢያቸውን ጥለው፣ ከዘራቸውን ጥለው፣ እንደ ኮርማ ሮጠው አጥሩ ጋ ያዙት። ጃንጥላው ደህና ነው፣ ፍላሹም ደህና ነው። የማቆሚያው አንድ እግር ግን ታጥፎ ዞሯል። ቢያቆሙት አይቆምም።

«ያላ፣ ቶሎ፣ አያቴ ደከሙ!» ሺራ ልታለቅስ ነው። «አባ፣ ትንሽ ቁጭ ይበሉ።»

«አልቀመጥም» አሉ ቄሱ። «አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። ተቀምጬ ብነሳ ሁለት ይሆናል።»

እኔ የታጠፈውን እግር ይዤ ቀረሁ። ሌላ ጊዜ የለም። እንዴት አድርጌ... በአንድ እጅ ካሜራ፣ በአንድ እጅ ፍላሽ እያልኩ ሳስብ ጋሽ ፈረደ ዘንጉን ከእጄ ነጠቁኝ።

«አምጣ ወዲህ። የእኚህን ቄስ ጥላ ወጣት ሆኜ በአገር ቤት፣ ለበዓል ወደ ተራራ ሲወጡ የያዝኩ ሰው ነኝ።»

ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸው ወደ ላይ ሲወጣ ትከሻቸው አብሮ ወጣ፣ ዓመታቸው ወረደ። ጥላውን ግን በቄሱ ራስ ላይ በትክክል ዘረጉት፣ እንደ ደንቡ። ለብርሃን አይሆንም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ።»

«ፀሐይ ይመታቸዋል!»

«ከፍ!» አልኩ። «ትንሽ ወደ ግራ! አሁን አትተንፍስ!»

አንተ አልኳቸው። ጋሽ ፈረደን። ሰው ሁሉ ሰማ። ድምፁ ግን የእኔ አልነበረም፤ ከየት እንደ ወጣ አላውቅም። ከሴቶቹ ጠረጴዛ የእናቴ ራስ ቀና ሲል አየሁ። ጋሽ ፈረደም አልተቆጡም። ወደ ግራ ሄዱ፣ ከፍ አደረጉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ።

መጀመሪያ እሳቸውን አነሳሁ። ብርሃኑን ለመሞከር። እጄ በልማድ ነው የሄደው። ከዚያ ቄሱንና ሺራን።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። በካሜራው ትንሿ መስኮት ውስጥ አየሁት። ብርሃኑ ከላይ ከጎን፣ በነጩ ጨርቅ ተጣርቶ መጥቶ ቄሱ ፊት ላይ አርፏል። እያንዳንዱ መስመር አለ። ተራራው ተራራ፣ ሸለቆው ሸለቆ። ሺራ አጠገባቸው እንደ ንጋት ሆናለች። ያን ሁሉ ዓመት እንጨቱን ይዤ ስቆም ይሄን አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ ፊቱን ሳይሆን የሰውን ማጅራት ነበር የማየው። ይርጋ ለካ ይሄን እያየ ነው ከፍ፣ ከፍ የሚለኝ።

ሰው ሲበተን ጋሽ ፈረደን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። «አንተ ስላልኩዎት...»

«ተወው» አሉ፣ ክንዳቸውን እያሹ። «ቄሱም ያኔ እንደዚያ ነበር የሚጮሁብኝ።»

«ግን ጋሼ፣ ያኔ ሰው ሁሉ ቄሱን ሲያይ እርስዎን ማን ያይ ነበር?»

ትንሽ አሰቡ። ከኪሳቸው የሱፍ ፍሬ አወጡ፤ የእኔን መልሕቅ። «ሰው የሚያየው ከጥላው ሥር ያለውን ነው» አሉ። «ከሥር ያለው ግን ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው የያዘውን ነው።» ቅጭ አደረጉና ልጣጩን ተፉ።

ማቆሚያው አሁን በረንዳችን ላይ ነው። እናቴ ግድግዳ አስደግፋ የቲማቲም ተክል አስራበታለች። አልፎ አልፎ ጉጡን ፈታ ፊስስስ ስታደርገው እሰማለሁ፤ ማንም የማያያት ሲመስላት።

በሠርጉ ማግስት ፎቶዎቹን በቴሌቪዥኑ አሳየኋት። ቄሱንና ሺራን ብዙ ጊዜ አየች፣ መረቀች። ወደ ኋላ ስንመለስ ጋሽ ፈረደ መጡ፤ እጃቸውን ሰቅለው፣ አፋቸውን ከፍተው።

«ይሄን ይርጋ ያጠፋው ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አንተ አላጠፋኸውም?»

«አላጠፋሁትም።»

ተነስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። የተሰቀለውን ክንድ በጣቷ ከትከሻው እስከ ጫፉ ተከተለችው።

«ምስኪን፣ እጁ አይደክመውም?»

«አይደክመውም እማዬ» አልኳት። «እኔ አውቃለሁ።»